ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ማን ይጠይቃቸዋል?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ። በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በመሬት ናዳ የተቀበሩ ሰዎች አሉ ተብሎ ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ ሮጠ። አካፋ ያላገኘው በእጁ ቆፈረ። በቁፋሮው ላይ እንዳሉ ተራራው ደግሞ ተናደና ሊያድኑ የመጡትን ቀበራቸው። የሟቾች ቁጥር ከ250 አለፈ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ፤ የእርዳታ እህልና ብርድ ልብስ የጫኑ መኪኖች ወደ ጎፋ ጎረፉ፤ ባለሥልጣናት ከነካሜራቸው ሄዱ። በአራተኛው ቀን ሰንደቁ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ልጆቿን ጭቃው የወሰደባት እናትስ ወዴት ተመለሰች?

ሦስት ቀን የመንግሥት ልማድ ሆኗል። መጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የታወጀው ሦስት ቀን ነበር። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ገድሎ ቪዲዮውን ሲለቅም ሦስት ቀን ነበር። ለተራው ሠራተኛም ልኬቱ ይኸው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ስትሞት፣ ልጅ ሲሞት፣ ባል ወይም ሚስት ሲሞት ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት የሥራ ቀን ነው። ለጋብቻም የሚሰጠው ያንኑ ሦስት ቀን ነው። (ሙሽራና ሐዘንተኛ እኩል እረፍት ይበቃቸዋል የሚለው ስሌት እንዴት እንደተሠራ ሕግ አውጪው አንድ ቀን ቢያስረዳ ጥሩ ነበር።)

ይህቺ «ሦስት» ከየት መጣች ቢባል ሰልስት ትዝ ትላለች። ሰልስትን የሰጠው ባህል ግን ሰልስት ላይ አላቆመም። ሰባት አለ፣ አሥራ ሁለት አለ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት አለ። ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። የጥንቱ ሰው ሐዘንተኛ በአርባኛው ቀን የሚያስፈልገው በሦስተኛው ቀን ከሚያስፈልገው የተለየ መሆኑን፣ ዓመት ሲዞርም ቁስሉ እንደገና እንደሚያመረቅዝ ያውቅ ነበር። መንግሥትና አሠሪ ከዚህ ሁሉ አጭሯን መርጠው ወሰዱ። የቀረውን «ባህሉ ይወጣዋል» ብለው ለቤተሰቡ ጣሉት።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕይወቱ በአንድ ቀን የተገለበጠበት ሰውና ቤተሰቡ የምክርና የሥነ ልቦና ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል ሲባል ወዲያው የሚመጣ መልስ አለ፦ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው። እኛ እድር አለን፣ ለቅሶ ደራሽ አለን፣ የንስሐ አባት አለን፣ ሼኽ አለን፣ ፓስተር አለን።» መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ስንፍናን ለአሥርት ዓመታት ሸፍኖ የኖረውም ግማሽ እውነት በመሆኑ ነው።

እውነተኛው ግማሽ ይቅደም። በሰዓታት ውስጥ ደጃፍ ላይ ድንኳን የሚተክል፣ አግዳሚ የሚደረድር፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ሐዘንተኛዋ ብቻዋን እንዳታድር ጎረቤት አብሯት እንዲያድር የሚያደርግ ሥርዓት በየትም አገር በገንዘብ ተገዝቶ አይመጣም። የመርዶው ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ። ማን ይናገር የሚለው በጥንቃቄ ይመረጣል። ጎህ ሳይቀድ ይኬዳል። ትደነግጣለች ተብላ የተፈራችው ሴት አጠገብ ጠንካራ ሰው ይቀመጣል፤ ውሃ ይዘጋጃል። ዛሬ ለሐኪሞች «ክፉ ዜና እንዴት ይነገራል» ተብሎ በስላይድ የሚቀርበው ሥልጠና ዋና ፍሬው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሥርዓቱ የጠፋው ተቋማቱ ዘንድ ነው። አስታማሚ ቴርሞስ እንደያዘ ኮሪደር ላይ ቆሞ «አልቻልንም፣ አስከሬኑን ውሰዱ» የሚባለው ስንት ቦታ ነው? በ2007ቱ የሊቢያ ግድያ ቂርቆስ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የለዩት ከተለቀቀው ቪዲዮ ላይ ነበር። ሽማግሌ ተመካክሮ ሳይጨርስ ስልክ ያረዳል። ባህሉ ይበቃል የሚሉት ሰዎች ባህሉ መርዶውን በስልክ እንደተነጠቀ እንኳ ያስተዋሉ አይመስሉም።

ወደ ሌላው ግማሽ። እድር የተሠራው አንድ ቤት ሲያዝን ሌላው መቶ ቤት ቆሞ እንዲደግፍ ነው። ኬንቾ ላይ ደጋፊውም ተቀብሯል። ለቅሶ ደራሹ ራሱ ለቀስተኛ በሆነበት ቀበሌ ማን ማንን ያፅናና? ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ ሰርገኞችን የጫነ መኪና ወንዝ ገብቶ 71 ሰዎች ሲሞቱም ጥያቄው ያው ነው። ከቆሼ የተረፉት ሌላ ቦታ ሲሰፍሩ ቤቱ ይገኝ ይሆናል፤ የአሥር ዓመት ጎረቤት ግን ከቤቱ ቁልፍ ጋር አይሰጥም።

እድር ደግሞ ሬሳ ይፈልጋል። ሬሳ የሌለው ሐዘን በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቦታ የለውም። በሰሜኑ ጦርነት ልጇ የዘመተባት እናት ጉዳይ ይታሰብ። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ተፈረመ። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የወደቁ ታጋዮችን መርዶ ለቤተሰብ በይፋ ያረዳው በጥቅምት 2016 ነው። ጦርነቱ ካለቀ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ከተማ፣ በየደጃፉ ለቅሶ ሆነ። የታወጀው ሐዘንም ሦስት ቀን ነበር። ግንባሩ በየትኛው ወገን ይሁን፣ ልጇ የት እንደወደቀ ሳታውቅ በር የምትጠብቅ እናት በአማራም በአፋርም በኦሮሚያም በደቡብም አለች። በየመን መንገድ ወይም በሰሐራ ልጇ ድምፁ የጠፋባትም አለች።

እነዚህ ሴቶች ሞተ ብለው ቢያለቅሱ ልጃቸውን በአፋቸው የገደሉት ይመስላቸዋል። አለ ብለው እንዳይኖሩ ዓመታት ሄደዋል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ ሞት ይሁን ሕይወት ያልለየለትን እንዲህ ያለውን እጦት ስታጠና ዕድሜዋን የጨረሰችው፣ ከተራው ሐዘን በባሕርዩ የተለየ ሆኖ ስላገኘችው ነው። በዚህ ላይ የወረቀት ጣጣ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ መጥፋቱ በውሳኔ እንዲታወቅ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ቤቱ በማን ስም ይሁን፣ ንብረቱ እንዴት ይተዳደር የሚለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ነው። ይህን ስንት የጠፋ ሰው ሚስት ታውቃለች? የምክር አገልግሎት ሲባል ሶፋ ላይ ተጋድሞ የልጅነት ታሪክ ማውራት ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች እዚህ ጋ ቆም ይበሉ። ለዚህች ሴት ምክር ማለት መጀመሪያ የሚያዳምጣት፣ ቀጥሎ «ይህን ማመልከቻ እዚህ መስኮት አስገቢ» የሚላት፣ ከወር በኋላ ደግሞ «እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚደውልላት ሰው ነው።

ሞት የሌለበት እጦት ደግሞ ጭራሽ ድንኳን የለውም። እግሩ የተቆረጠ ሹፌር፣ የተደፈረች ተማሪ፣ ቤቷ በአንድ ጠዋት የፈረሰባት ባለ ሱቅ፣ ማንም ለቅሶ አይደርስላቸውም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ተመለሱ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ የላካት ልጅ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ፌስታል ይዛ ስትገባ «እግዜር ያፅናሽ» የሚላት አልነበረም፤ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ነው የተባለችው። ለመደፈር ጥቃት እንኳ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሰሉ ቦታዎች ሕክምናው፣ ፖሊሱ፣ የሕግ ሰውና አማካሪው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙባቸው ማዕከላት ተከፍተዋል። መሥራት እንደሚቻል የሚያሳይ ነገር ነው። ችግሩ ከጓሮ ገጠር ተነሥቶ እዚያ የሚደርሰው ስንቱ ነው የሚለው ነው።

ስለ ልጆች ደግሞ የሚያወራ የለም። በለቅሶ ቤት ሕፃናት ጎረቤት ይላካሉ። «ልጆች አይስሙ» ይባላል። አባትሽ የት ሄደ ሲባል «ሥራ ሄዷል»፣ «ውጭ አገር ነው»፣ «ይመጣል»። በርኅራኄ የሚዋሽ ውሸት ነው፤ ማንም ክፉ አስቦ አይዋሸውም። ነገር ግን የስድስት ዓመት ልጅ የእናቱን ጥቁር ልብስ ያያል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚገባውን ሰው ፊት ያጠናል። እውነቱን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ጓደኛው ይሰማል። ያን ቀን አባቱን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ የዋሹትን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ያጣል። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድም ላይ ደግሞ «አሁን የቤቱ አባወራ አንተ ነህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል ሸክም ይጫናል። የትምህርት ውጤቱ ሲወድቅ መምህሩ «ሰነፈ» ብሎ ይጽፋል። ለቤተሰብ ልጅን እንዴት እንደሚያረዳ በአንድ ሰዓት ማስተማር ይቻላል፦ በአጭር ቃል፣ በእውነት፣ «ሞቷል፣ አይመለስም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ብሎ። ይህን ለማስተማር ዶክትሬት አያስፈልግም። የሚያስተምር ሰው ወደዚያ ቤት መላክ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ደግሞ ዱላው ወደ ሌላኛው ወገን ይዙር። «የሥነ ልቦና ድጋፍ ተደረገ» የሚለው ዜና ሁሉ የሚታመን አይደለም። አደጋ በደረሰ በሳምንቱ ባነር ተዘጋጅቶ፣ ላንድክሩዘር ተነሥቶ፣ ተጎጂዎች አዳራሽ ተሰብስበው «የሆነውን ሁሉ ዘርዝራችሁ ንገሩን» ይባላሉ። ያለቅሳሉ። ፎቶ ይነሣል። አበል ይከፈላል። ቡድኑ በማግስቱ ይመለሳል፤ ዳግም አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት ከድንጋጤ ባልወጡ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለው ቁስልን የማነካካት ስብሰባ እንዳይካሄድ በግልጽ ይመክራል፤ ምክንያቱ እንደማይጠቅም መታወቁ፣ ሊጎዳም መቻሉ ነው። በምትኩ በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው መመሪያ ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ተመልከት፣ አዳምጥ፣ አገናኝ። ማን ምግብ የለውም፣ ማን ልጁን አላገኘም፣ ማን መናገር ይፈልጋል፣ ማንስ ዝም ማለት? መናገር ያልፈለገን ሰው አለማስገደድ ራሱ እርዳታ ነው። ለለቅሶ ሄዶ ምንም ሳይናገር ግማሽ ቀን የሚቀመጠው የሰፈር ሽማግሌ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ባነር የያዘው ቡድን አያውቀውም።

ገንዘብ ያለው ቦሌ ሄዶ በሰዓት ከፍሎ ይማከራል። የሌለው በቲክቶክ «አሸናፊ አስተሳሰብ» የሚሰብክ ሰው ይሰማል። ነገሩ የከፋበት ደግሞ አማኑኤል ነው ያለው ይባላል። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተ፣ ለአሥርት ዓመታት አገሩን ሁሉ ብቻውን የተሸከመ ተቋም ነው። ኢትዮጵያ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረችው በ1995 ዓ.ም. ነው። የሆስፒታሉ ስም ግን በከተማው አፍ ስድብ ሆነ። ስለዚህ ሐዘን የሰበረው ሰው እርዳታ ልጠይቅ ሲል መጀመሪያ የሚያስበው «ምን ይሉኛል?» የሚለውን ነው፤ ልጄን ማን ያገባታል፣ መሥሪያ ቤት ምን ይባላል። ሐዘን በሽታ አይደለም። የተሰበረ ሰው እብድ አይደለም። ይህን የሚናገር አንድ ሰው በየጤና ጣቢያው እስኪገኝ ድረስ ግን ወሬው ያሸንፋል። በየዓመቱ በሳይኮሎጂና በሶሻል ወርክ ከሚመረቁት ወጣቶች መካከል በተመረቁበት ሥራ ያጡ፣ ባንክ መስኮት ላይ ብር የሚቆጥሩ ሞልተዋል።

የመጨረሻው መከላከያ ድህነት ነው። «መጀመሪያ እንጀራ!» ይባላል። ጥሩ፣ ስለ እንጀራ ይነጋገሩ። ባሏ የሞተባት ጉልት ቸርቻሪ ዓመት ሙሉ ከአልጋ መነሣት ካቃታት ስንት ልጅ ነው እንጀራ የሚያጣው? ሀብታም ያልሆነችው ዚምባብዌ ምን እንዳደረገች ይታይ። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሐራሬ ውስጥ ሥራውን የጀመረው ከሰፈር አያቶች ጋር ነው። አያቶቹ ሠለጠኑ፤ በጤና ጣቢያ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሰው ችግር ያዳምጣሉ፣ አንዱን ችግር ነጥለው መፍትሔውን ከባለ ጉዳዩ ጋር ይፈልጋሉ፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ባለሙያ ይልካሉ። በ24 ጤና ጣቢያዎች፣ በ573 ታካሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤት በ2016 በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ሲታተም፣ አያቶቹ ያዳመጧቸው ሰዎች የድብርት ምልክት ከሌሎቹ በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። አግዳሚውና አያቷ ኢትዮጵያ ውስጥ የሉም የሚል ካለ ይምጣ። ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው አሉ።

እድር አይለወጥም የሚልም የኤች አይ ቪን ዘመን ያስታውስ። ቀብር በቀብር ላይ ሲደራረብ፣ የእድሩ ሣጥን ሲራቆት፣ አዲስ አበባ ውስጥና በሌሎች ከተሞች ብዙ እድሮች ቁጭ ብለው ተመካከሩና ደንባቸውን ቀየሩ። የታመመ አባልን መጠየቅና ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። ለሞተ ብቻ የሚከፍል ማኅበር ለሚኖር መክፈል እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል። መድኃኒቱ ሲመጣ ግን አብዛኛው ወደ ድንኳንና ወደ ድስት ተመለሰ።

በሕግ ደግሞ አርአያ የሚሆን ሩቅ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ የአውሮፕላን አደጋ ለደረሰባቸው ቤተሰቦች ሕግ አላት። አየር መንገዶቿ ቤተሰብን የሚረዱበት ዕቅድ አስቀድመው ያስገባሉ፤ ቤተሰቡን የሚያገናኝ አካል ይመደባል፤ የሐዘን ምክርና እንክብካቤውን የሚመራ በጎ አድራጊ ድርጅት ይሰየማል። ጠበቃ እንኳ 45 ቀን ሳይሞላ ደንበኛ ፍለጋ ደጃቸውን ማንኳኳት አይፈቀድለትም። ይህ የመጣው በቸርነት አይደለም፤ ከዚያ በፊት በወደቁ አውሮፕላኖች የተበደሉ ቤተሰቦች ምክር ቤት ድረስ ሄደው ስለታገሉ ነው። ለአውሮፕላን የሚሠራው ለአውቶቡስም፣ ለመሬት ናዳም ይሠራል። የኢትዮጵያ የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ ለሞተና ለቆሰለ ካሳ ይተምናል፤ ክፍያው እስኪወጣ ግን ባሏ የሞተባትን ሴት ከፖሊስ ጣቢያ ወደ መድን ድርጅት፣ ከመድን ወደ ወራሽነት ማስረጃ የሚያመላልሳት እንጂ እጇን ይዞ የሚያደርሳት አልተመደበም።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። አደጋ በደረሰበት ቀበሌ ለእያንዳንዱ ቤት ስሙና ስልኩ የታወቀ አንድ ሰው ይመደብ፤ በሰልስት፣ በአርባ፣ በመንፈቅ፣ በሙት ዓመት በሩን ያንኳኳ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልትሆን ትችላለች፤ የሠለጠነ የእድር ዳኛ ሊሆን ይችላል፤ ሥራ ያጣው የሳይኮሎጂ ምሩቅ ሊሆን ይችላል። የሠራተኛ ሕጉ ሦስቱን ቀን ያራዝም። መከላከያም ሆነ የክልል አስተዳደሮች የጠፋ ሰው ስም ዝርዝር ይዘው ለቤተሰብ መልስ የሚሰጡበት አንድ መስኮት ይክፈቱ። እድሮች በመጪው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ለድንኳን ኪራይ ከሚመድቡት ትንሽ ቀንሰው «ከአርባ በኋላ» የሚል አንድ አንቀጽ ይጻፉ።

የአደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽንም እህሉን በኩንታል፣ ብርድ ልብሱን በቁጥር ሪፖርት ያደርጋል። በሚቀጥለው ሪፖርቱ አንድ ዓምድ ይጨምር፦ አደጋው ከደረሰ ዓመት ሲሞላ ስንት ቤት ተጠየቀ? ከኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ይጀምር። ዓምዱ ባዶ ቢሆንም ባዶውን ያትመው።